ግማሽ የተባልኩ ቀን

እማዬ ስልክ ዘጋችብኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ደብረ ብርሃን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል። እኔ ሜሪላንድ ነኝ፤ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ወጥቼ ኔትወርክ የሚይዝበት ቦታ ቆሜያለሁ። የነገርኳት አንድ ነገር ነው። «እማዬ፣ ውጤቱ መጣ። እኔና እታለም የምንዛመደው ግማሽ ብቻ ነው።»

ዝም አለች። ከዚያ «ምን አልክ?» አለች። ደገምኩላት። ያልኩትን የራሴ ጆሮ የሰማው ያኔ ነው፤ ግን አንዴ ወጥቷል። «ሁለታችሁንም የወለድኩት ከአንድ ባል ነው። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ሳይሰማ መሞቱ!» ጠረቀመችው።

የሚያሳፍረው ደግሞ እንጀራዬ ማስተርጎም መሆኑ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞርኩ የሰውን ሕመም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሳሸጋግር ኖሬያለሁ። «ስኳርዎ ከፍ ብሏል።» «ዕጢው ክፉ ዓይነት አይደለም።» «እዚህ ጋ ይፈርሙ።» ነገሩ የራሴ ቤት ሲደርስ ግን ሁለት ቃል መሻገር አቃተኝ። ሐኪሞቹ ያሉት «ሃፍ ማች» ነው፤ ግማሽ መግጠም። እኔ ለእናቴ ግማሽ መዛመድ አደረግኩት። በእኛ ቤት ደግሞ ግማሽ የሚዛመዱ እህትና ወንድም ማለት በአባት ብቻ ወይም በእናት ብቻ የተገናኙ ናቸው።

ያን ሌሊት እናቴ ጋ ያደረችው አክስቴ ሰማች። ቅዳሜ ላይ የማርያም ማኅበርተኞች ሰምተዋል።

ግማሹ ምንድን ነው

እታለም ታላቄ ናት። ዲቪ ደርሷት ከመጣች አራተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ድካሙን የሌሊት ፈረቃ ነው አለች። እግሯ ላይ የሚወጣውን ብልዝ «የሆነ ነገር ገጭቼ ነው» አለች። ሐኪም ቤት የሄደችው ድዷ አልቆም ብሎ መድማት ሲጀምር ነው። ኤ ኤም ኤል ተባለ፤ አኪዩት ማየሎይድ ሉኪሚያ። ከመቅኔ የሚነሳ፣ የሚቸኩል የደም ካንሰር። ኬሞው መለሰላት። ግን ካንሰሩ የያዘው የዘረ መል ለውጥ ከክፉዎቹ ስለሆነ ያለ መቅኔ ንቅለ ተከላ ተመልሶ ይመጣል አሉን። ይህን አላስረዝመውም። ያለፈበት ሰው ያውቀዋል፤ ያላለፈበት አይወቀው።

ለጋሽ ሲፈለግ የሚታየው የደም ዓይነት አይደለም። ኤች ኤል ኤ የሚባል ነገር ነው። ስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ የተደረደሩ ጂኖች ናቸው። ሕዋሶቻችን ገጽ ላይ «እኔ የእገሌ ነኝ» የሚል ምልክት ያወጣሉ። አንዱን ስብስብ ከእናት፣ አንዱን ከአባት እንወስዳለን። ስለዚህ የአንድ እናትና አባት ልጆች ሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ግማሽ የመግጠም ከአራት ሁለት። ጭራሽ ያለመግጠም ደግሞ ከአራት አንድ። እናትና ልጅ ቢያንስ ግማሽ ይገጥማሉ፤ እንደዚያ ብቻ ነው የሚሆነው።

በማግስቱ ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት። «አንቺም እኮ ከእታለም ጋር ግማሽ ነሽ። ሌላው ግማሽ የአባባ ነው።» ትንሽ ቆየችና «ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትልም?» አለች። ምሕረቱ በድምጿ ተሰማኝ። ማኅበርተኞቹን ግን እስካሁን እያስረዳች ነው።

ከቤተሰብ ውጭም ተፈለገ። የአሜሪካው ብሔራዊ የመቅኔ ለጋሾች መዝገብ ራሱ የሚናገረው ቁጥር አለ። ነጭ ታካሚ ሙሉ የሚገጥመው ለጋሽ መዝገቡ ውስጥ የማግኘት ዕድሉ 79 በመቶ ነው። ጥቁር ታካሚ 29 በመቶ። እዚያ 29 ውስጥ ሐበሻው የት ጋ እንደሚገኝ አስቡት። ለእታለም አንድ ሰው ጠፋ። የቀረሁት እኔ ነኝ። ግማሹ።

ቃሉ ውስጤ ቀረ። ሳይንሱ ገብቶኝ እንኳ አልለቀቀኝም። እህቴ አንድ ነገር ብትፈልግ፣ እሱንም ግማሹን ብቻ ይዤ የደረስኩ ያህል ተሰማኝ። በልጅነቴ ውኃ ቅዳ ስትለኝ እንስራውን ግማሽ አድርጌ ስመለስ የምታየኝ አስተያየት ሳይቀር ትዝ አለኝ።

«ነፍሰ ገዳይ»

አሁን ወደዚያች ክፍል እንግባ።

እዚህ አገር ሆስፒታል ውስጥ ዘመድ ለዘመዱ ማስተርጎም በአብዛኛው አይፈቀድለትም። ትክክል ነው፤ እኔም ለሰው ሁሉ የምናገረው ሕግ ነው። ስለዚህ እኔ አፌን ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ። ከስልክ ማጉያው ውስጥ አንድ አስተርጓሚ ይናገራል። በድምፁ ወጣት ነው። ጎበዝ ነበር፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ያዘው። ዶክተሯ ስለ «ናቹራል ኪለር» ሕዋሳት ማውራት ጀመረች። ልጁ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ወንድምዎ ደም ውስጥ የተፈጥሮ ነፍሰ ገዳዮች አሉ። እነሱ ወደ እርስዎ እንዲገቡ እንፈልጋለን።»

እታለም ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ፀጉር የለ፣ ቅንድብ የለ፤ ዓይን ብቻ ናት። «የማንን ነፍስ?» አለች።

ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም። እሷም ሳቀች። ዶክተሯ ግራ ገብቷት ስልኩን አየች። እኔ ፈቃድ ጠይቄ አንዲት ቃል ብቻ ላስተካክል አልኩ። «እታለም፣ ነፍሰ ገዳይ አይደለም። ገዳይ ነው። እንደ አያታችን።» አያታችን መንዝ ውስጥ ነብር የገደለ ሰው ነበር። በየሠርጉ እየተነሳ ሲፎክር፣ ሴቶቹ ገዳይ ሲሉት ነው ያደግነው። ለእኛ ገዳይ ማዕረግ ነበር። እታለም ፊቷ ተፈታ። «እ! እንደሱ ከሆነ ይምጡ» አለች።

ዶክተሯ አንድ ወረቀት ገልብጣ መሳል ጀመረች። አንዱ ክብ እኔ፣ አንዱ ክብ እሷ። ከዚያ እስካሁን የማልረሳውን አለችኝ። «ከውጤታችሁ በጣም የወደድኩት የማትገጥሙበትን ቦታ ነው።»

ያስረዳችውን በራሴ አማርኛ ልበለው። ሰውነት ውስጥ ብዙ ዓይነት ዘበኛ አለ። ቲ ሴል የሚባለው መታወቂያ ያነባል። ከያንዳንዱ ሕዋስ ገጽ ላይ ያለውን ኤች ኤል ኤ ያያል፤ በላዩ የተለጠፈ እንግዳ ነገር ካለ ይገድላል። ካንሰርም ቫይረስም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ብልጦቹ መታወቂያውን ይደብቃሉ። መታወቂያ ከሌለ የሚነበብ የለም። ቲ ሴሉ አልፏቸው ይሄዳል።

ኤን ኬ የሚባለው ገዳዩ ሕዋስ ግን ማንበብ አያውቅም። የሚያየው መታወቂያው መኖሩን ነው። ገጹ ላይ ፍሬን አለው። ያ ፍሬን የሚያዘው የሌላው ሕዋስ ኤች ኤል ኤ ሲነካው ነው። ከነካው «እሺ፣ እለፍ»። ካልነካው ፍሬኑ ይለቀቃል። ቀበሌ መታወቂያ በየኬላው ስናወጣ ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት ባዮሎጂ መማር አያስፈልገንም።

የእኔና የእታለም ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከኤች ኤል ኤ ውስጥ ሲ የሚባለው በሁለት ጎራ ይከፈላል፤ አንድና ሁለት እንበላቸው። እኔ ሁለቱም አለኝ። እሷ አንደኛው ብቻ። ከእኔ ገዳዮች ውስጥ ፍሬናቸው በሁለተኛው ብቻ የሚያዝ አሉ። እኔ ውስጥ ሳሉ ሰላማዊ ናቸው፤ የሚያረጋጋቸው ሁሉም ጋ አለ። እሷ ውስጥ ሲገቡ ግን የሚያውቁትን መታወቂያ የያዘ አንድም አያገኙም። ሉኪሚያውም ጋ የለም። ሙሉ ብንገጥም ኖሮ ይህን ልዩነት አናገኘውም ነበር።

«ታዲያ እኔንስ አይገድሉኝም?» አለች እታለም። በስልኩ ያለው ልጅ ይህን ሳይሳሳት አደረሰው። እኔ ስንት ጥያቄ ጽፌ ይዤ ይህን አልጠየቅኩም። ዶክተሯ እርሳሷን አስቀመጠች። የፍሬኑ መለቀቅ ብቻውን አይበቃም አለች፤ ነዳጅም ያስፈልጋል። የታመመ ሕዋስ ጭንቅ ሲበዛበት ገጹ ላይ የሚያወጣቸው ምልክቶች አሉ፤ ገዳዩን የሚያነሳሱት እነሱ ናቸው። ጤነኛው ቆዳ፣ ጤነኛው ጉበት ያን ያህል አያወጣቸውም። ቲ ሴል የእንግዳውን ሰውነት ሲያጠቃ የሚመጣው አደገኛ ችግር በእነዚህ ምክንያት አይመጣም አለች።

ወጥተን ሊፍት ስንጠብቅ እታለም «አየህ፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አለችኝ። እኔ ምንም አልመለስኩም። ስለዚያ አንድ ወር ሙሉ በግማሽነቴ ስቀጣ መክረሜን እያሰብኩ ነበር።

ጫጫታ ነው ያሉት

ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት ማንበብ ጀመርኩ። አስተርጓሚ ስለሆንኩ የሕክምና ቃል አያስፈራኝም። ይልቅ ያልጠበቅኩት ታሪኩ እንዲህ የሚይዝ መሆኑን ነው።

እነዚህ ሕዋሳት ስም ያገኙት በፈረንጆቹ 1975 ነው። ስቶክሆልም፣ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ውስጥ። ሮልፍ ኪስሊንግ የሚባል ወጣት ተመራማሪ፣ ከኤቫ ክላይንና ከሃንስ ቪግዜል ጋር። አሜሪካም ውስጥ የሮናልድ ኸርበርማን ቡድን በዚያው ጊዜ እዚያው ደርሷል። ቀድሞ የነበረው እንዲህ ነው። ተመራማሪዎች አይጦችን ካንሰር እንዲያውቁ ያለማምዷቸዋል፤ ከዚያ የለመዱት አይጦች ሕዋስ ካንሰሩን ሲገድል ይለካሉ። ችግሩ፣ ምንም ያልለመዱት አይጦች ሕዋስም ይገድላል። ይህ ሙከራ የሚያበላሽ ጫጫታ ነው ተባለ። ከቁጥሩ ላይ እየቀነሱ የሚጥሉት ነገር ነበር።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? በየሰዉ ደም ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሊምፎሳይት ከሚባሉት የደም ዘበኞቻችን ከመቶ አምስት እስከ አሥራ አምስት ያህሉ እነሱ ናቸው። ማንም ሳያስተምራቸው ይገድላሉ። «ናቹራል» የተባሉትም ለዚህ ነው። በዚያ በ1975ቱ ሥራ ሲገድሉ የታዩት ደግሞ የአይጥ ሉኪሚያ ሕዋሳትን ነው። ገና ከስማቸው ጀምሮ ከደም ካንሰር ጋር ናቸው።

ኤቫ ክላይን ማን እንደሆነች ሳነብ ደግሞ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። የቡዳፔስት አይሁዳዊት ናት። በ1944 እና 45 ናዚዎች ከተማዋን ይዘው ሳለ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተደብቃ ነው የተረፈችው። እሷንና ዘመዶቿን ያዳናቸው አንድ ሰው የሠራላቸው ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ሐሰተኛ መታወቂያ በሉት። ሠላሳ ዓመት ቆይታ ስም ካወጡላቸው ሰዎች አንዷ የሆነችላቸው ሕዋሳት፣ መታወቂያ የሚፈትሹ ሆነው ተገኙ። ከዚህ ምንም ትምህርት አላወጣም። ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የመታወቂያውን ነገር ያመጣው ክላስ ሼሬ ነው፤ እዚያው ካሮሊንስካ። በ1981 የዶክትሬት ጽሑፉ ላይ ሐሳቡን አቀረበ። በ1986 ከባልደረቦቹ ጋር አሳየው። ከአንድ የአይጥ ሊምፎማ፣ ከሊምፎሳይት የሚነሳ ካንሰር ነው፣ የመጡ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ነበሯቸው፤ አንዱ መታወቂያ ያለው፣ አንዱ የጣለ። የአይጦቹ ሰውነት ያባረረው የጣለውን ነው። ስሙን «ሚሲንግ ሰልፍ» አሉት። ይህን ወደ አማርኛ ለመመለስ ስንት ቀን እንደታገልኩ አልነግራችሁም። «የጠፋ ማንነት» ብዬ ነበር፤ ግጥም መሰለብኝ። «የራስ ምልክት መጉደል» ላይ ቆምኩ። አሁንም ደስ አላለኝም።

ከአይጥ ወደ ሰው ያመጡት ጣሊያኖች ናቸው። ፔሩጃ ከተማ፣ ሎሬዳና ሩጄሪና አንድሬያ ቬላርዲ ያሉበት ቡድን። እነሱ ግማሽ ከሚገጥም ቤተሰብ መቅኔ መትከል ሥራቸው ነበር። ካርዳቸውን አገላብጠው በ2002 ያወጡት ውጤት እንዲህ ነው፦ የኤ ኤም ኤል ታካሚዎቻቸው ውስጥ የለጋሹ ገዳዮች ፍሬን የሚያዝበት ሆኖ የተገኘባቸው ላይ በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ 75 በመቶ ነበር። እንደኔና እንደ እታለም ያልገጠሙት ላይ ዜሮ።

ዜሮውን ሳይ ላፕቶፑን ዘጋሁት። ደግሜ ከፈትኩት። አሁንም ዜሮ ነው።

ዜሮውን አትመኑት

ለዶክተሯ በደስታ ወስጄ አሳየኋት። ታውቀዋለች፤ የሙያዋ ሀሁ ነው። ፊቷ ግን አልበራም። «ይህ የፔሩጃ ዜሮ ነው» አለችኝ። እነሱ ከመቅኔው ላይ ቲ ሴሎችን አጥበው ያወጣሉ፤ የግንድ ሕዋሱን፣ ደም የሚፈጥረውን ማለት ነው፣ በጣም አብዝተው ይሰጣሉ። በሌሎች ሆስፒታሎች፣ በሌላ አሠራር ሲታይ አንዳንዱ ጋ ጥቅሙ ታየ፣ አንዳንዱ ጋ አልታየም። ራሳቸው ፔሩጃዎችም በአዋቂዎች ኤ ኤል ኤል ላይ፣ በሌላው የሉኪሚያ ዓይነት ማለት ነው፣ አላገኙትም።

እኛ የምንሄድበት መንገድ ደግሞ የባልቲሞሩ ነው። የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ያሳደጉት። መቅኔው ከተሰጠ በኋላ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባል የድሮ የኬሞ መድኃኒት ይሰጣል። የሚያስቸግሩት ቲ ሴሎች እየተባዙ ስለሆነ ይመታቸዋል። ግማሽ መግጠም በዓለም ላይ ለስንት ሰው በር የከፈተው በዚህ ነው። ግን በመጀመሪያው ቀን የገቡት የእኔ ገዳዮችም እየተባዙ ነው። መድኃኒቱ እነሱንም አይምርም።

«ታዲያ ለምን ወደድኩት አልሽ?» አልኳት። ትንሽ ተናድጄ ነበር። «ምክንያቱም ይመለሳሉ» አለች። ከንቅለ ተከላ በኋላ ከሊምፎሳይቶች ሁሉ ቀድሞ የሚያገግመው ኤን ኬ ነው፤ በሳምንታት። የሚመለሱት ምን ያህል እንደሚሠሩ ግን ቃል አልገባልህም አለች። ያን ጊዜ ቃል ብትገባልኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ስለማትዋሽ እወዳታለሁ።

አምስት ቀን መርፌ ተወጋሁ። መቅኔው የግንድ ሕዋሱን ወደ ደም እንዲለቅ ነው። ወገቤና ጭኔ በቅሎ እንደረገጠኝ ያመኝ ነበር። ከዚያ ማሽን ላይ ተጋድሜ ዋልኩ፤ ደሜ በአንድ ክንድ ወጥቶ ተጣርቶ በሌላው ይገባል። የወጣው ነገር አንዲት ከረጢት ሆነች። ሮዝ ነገር፣ የቲማቲም ጭማቂ የመሰለች። እታለም ከረጢቷን አየችና «ይህችው ናት?» አለች። ይህችው ናት።

በሁለተኛው ወር ምርመራ መጣ። መቅኔዋ ውስጥ ያለው ደም መቶ በመቶ የእኔ ነው። የደም ዓይነቷ ሳይቀር ወደ እኔ ዞሯል። ለእማዬ ደወልኩ። በዚህኛው ጊዜ ቃሌን ለክቼ «አሁን ሙሉ ነን» አልኳት። «እኔስ ምን ብዬ ነበር?» አለች።

ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ካንሰሩ አልተመለሰም። የእኔ ገዳዮች ናቸው? ኬሞው ነው? ቲ ሴሎቹ? የእማዬ የጸበል ብልቃጥ? የሚለይበት መንገድ የለም። እታለም ግን አንዷን ወገን መርጣለች። ክንዷን ሲያሳክካት «ገዳዮችህ እየፎከሩ ነው» ትለኛለች።

የሰው እትብት

ታሪኩ እዚህ አያበቃም፤ የሚገርመኝም ይኼኛው ነው። የእኛ ሕክምና ገዳዮቹን ከሙሉ መቅኔ ጋር ጠቅልሎ የሚሰጥ ነው። ዛሬ ሰዎች የሚሞክሩት እነሱን ለብቻቸው አውጥቶ፣ አባዝቶ፣ አስታጥቆ መስጠት ነው።

ሙከራው ዛሬ አልተጀመረም። በ2005 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የእነ ጄፍሪ ሚለር ቡድን ከቤተሰብ የተወሰደ ኤን ኬ ለታካሚዎች ሰጥቶ ያገኘውን አወጣ። ተስፋቸው ከተሟጠጠ 19 የኤ ኤም ኤል ሕሙማን ውስጥ አምስቱ ሙሉ በሙሉ ካንሰሩ ጠፋላቸው። ብዙ አይደለም። ግን ከዜሮ የተነሳ ነው። እንዲያውም ሊምፎማ ያለበት ብዙ ሰው ሳያውቀው ይጠቀምባቸዋል። ከ1997 ጀምሮ ያለው ሪቱክሲማብ የሚባለው መድኃኒት ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ በካንሰሩ ሕዋስ ላይ ተለጥፎ ለኤን ኬ «ና፣ እዚህ ነው» ማለት ነው።

ትልቁ ወሬ በ2020 ከሂውስተን መጣ። ኤም ዲ አንደርሰን የሚባለው የካንሰር ሆስፒታል፣ የካተዩን ሬዝቫኒ ቡድን። በዚያን ጊዜ ካር ቲ የሚባለው ሕክምና ገኖ ነበር። የታካሚውን የራሱን ቲ ሴል አውጥቶ፣ ካንሰሩን የሚያገኝ መንጠቆ ገጥሞ መመለስ ነው። ተአምር ይሠራል። ግን ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ፣ በሳምንታት የሚሠራ ነው። በ2017 የመጀመሪያው ሲፈቀድ ዋጋው 475,000 ዶላር ተባለ። ሰውነትን እሳት የሚያደርግ አደገኛ ምላሽም ያመጣል። እነ ሬዝቫኒ መንጠቆውን በኤን ኬ ላይ ገጠሙት። ሊምፎማና ሥር የሰደደ ሉኪሚያ ላለባቸው 11 ሰዎች ሰጡ። ስምንቱ ላይ ሠራ፤ ሰባቱ ላይ ካንሰሩ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ያ እሳት አልታየም። ከኤች ኤል ኤ ጋር ሙሉ መግጠም አላስፈለገም።

ሕዋሶቹን ከየት አመጧቸው? ከእትብት ደም። የሆነች ሴት የሆነ ቦታ ወልዳ፣ ልጇን አቅፋ፣ ከእትብቱና ከእንግዴ ልጁ ውስጥ የቀረውን ደም ለባንክ ሰጥታለች። ከዚያች አንድ ከረጢት ከመቶ በላይ ለሚሆን ሕክምና የሚበቃ ገዳይ ይባዛል። ለማባዛት የሚቀለቡት ደግሞ በጨረር በደከመ የካንሰር ሕዋስ ነው። ኬ 562 ይባላል፤ የመጣው ሉኪሚያ ከነበረባት የ53 ዓመት ሴት ነው። ገጹ ላይ መታወቂያ የለውም። ለዚህ ነው ኤን ኬ እሱን ሲያይ የሚነሳሳው። ጠላትን ለፈረስ ገፈራ ማድረግ ማለት ይህ ነው።

እዚህም ዜሮውን አትመኑት ያለችኝን አልረሳሁም። ከ11ዱ ሰዎች አንዳንዶቹ በኋላ ሌላ ሕክምና ጨምረዋል። በ2024 የ37 ሰው ውጤት ሲወጣ የሠራላቸው ግማሽ ገደማ ናቸው። በዓመቱ በሽታው ሳይገፋ የቆየላቸው ደግሞ 32 በመቶ። የተሰጡት ሕዋሳት ዕድሜ አጭር ነው። ካንሰሩም መንገድ ይፈልጋል። ይህን ስጽፍ ኤፍ ዲ ኤ፣ የአሜሪካው መድኃኒት ፈቃጅ መሥሪያ ቤት፣ ለደም ካንሰር የፈቀደው የኤን ኬ ሕዋስ ሕክምና የለም።

ከዚያ የ2024 ጽሑፍ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ውጤቱን ከወሰኑት ነገሮች አንዱ እትብቱ ነው። ደሙ ከተወሰደ በ24 ሰዓት ውስጥ በረዶ የገባው የተሻለ ሠራ። ይህን ሳነብ ባለቤቴ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች።

ልጃችን ባለፈው ጥር ተወለደ። የተወለደበት ሆስፒታል የእትብት ደም ለሕዝብ ባንክ ከሚሰበስቡት አንዱ ነበር። ወረቀት ፈረምን። ነርሷ እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ ደሙን ወደ ከረጢት አወረደች፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀ። ሰዓቷን አየሁ። ሃያ አራት ሰዓቱ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይቆጠራል ብዬ።

ለእማዬ ስደውል መጀመሪያ የጠየቀችኝ የምጠብቀውን ነው። «እትብቱን የት ልትቀብሩት ነው?» የእኔ ደብረ ብርሃን፣ ከኮባው ሥር ነው። የእታለምም እዚያው አጠገቡ። ሁለታችንን ለማስታረቅ ስትፈልግ ቦታውን እያሳየች ነበር የምትቆጣን።

«ቁራጯ ገና ሆዱ ላይ ናት፣ ስትወድቅ እንቀብራታለን። ደሙን ግን ለሰው ሰጠነው» አልኳት።

«ለማን?»

«አይታወቅም። በረዶ ቤት ይቀመጣል። የሚያስፈልገው ሰው ሲመጣ ይሰጠዋል።»

ዝም አለች። የድሮው ዝምታ መሰለኝና ደነገጥኩ። ምን ብዬ ተሳስቼ ይሆን ብዬ ቃሎቼን መመርመር ጀመርኩ። የሚንኮሻኮሽ ነገር ተሰማኝ። ደብተሯን እየፈለገች ነው፤ የሁላችንን የክርስትና ስም የምትጽፍበትን፣ ለቅዳሴ የምትልከውን።

«ስሙን ጽፈውበታል?» አለች።

«ስም አይጻፍበትም እማዬ። ቁጥር ነው ያለው።»

«በል እንግዲያ ቁጥሩን ንገረኝ።»

ቁጥሩን አላውቀውም። ወረቀቱ የሆነ ቦታ፣ ከዳይፐሩ ቦርሳ ውስጥ መሆን አለበት። «ቆይ አትዝጊው» አልኳትና ልጁን ለእታለም አቀብዬ ተነሳሁ።